ሰባ ሁለት ኪሎ ተኩል

ጀልባ ቀዛፊ እንደነበርኩ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። «ጉለሌ ውስጥ ደግሞ ምን ውሃ አለ?» ይለኛል። የለም። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ከሰለቸኝ ቆይቷል። ጉለሌ ያለው ውሃ ክረምት ላይ ከእንጦጦ ደፍርሶ የሚወርደው ጎርፍና ከቀበሌው ቦኖ በወረፋ የምንቀዳው ብቻ ነበር። እኔ ግን ከሽሮ ሜዳ ተነሥቼ፣ በደርግ ዘመን፣ አገሬን ወክዬ ውጭ አገር የቀዘፍኩ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። እዚህ የምጽፈው ሁለተኛውን ጊዜ እንዴት እንዳጣሁት ነው፤ ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የተጀመረው በስጦታ ነው። አንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ሁለት ቀጫጭን የውድድር ጀልባዎች ከአንድ አሰልጣኝ ጋር ላከ። ጀልባ ከመጣ ቀዛፊ መገኘት አለበት። ያ ዘመን እንዲህ ነበር፤ መጀመሪያ ዕቃው ይመጣል፣ ከዚያ ሰው ይፈለግለታል። ባለሥልጣኖቹ አሰልጣኙን ይዘው በየፋብሪካውና በየኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሲዞሩ እኛም የሸማኔዎች ማኅበር ዘንድ ደረሱ። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከአባቴ ጎን፣ እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ እሸምናለሁ። ቁመቴ ከቤተሰቡ ሁሉ የተለየ ስለነበር ጉልበቴ የሽመና ዕቃውን እየመታ ድሩን ያበላሽ ነበር፤ አባቴ የእኔን ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ጥልቅ አድርጎ ቆፍሮታል፣ ሁለቱንም ጊዜ እየተነጫነጨ። «ይሄ እግር የእናትህ ወገን ነው» ይለኝ ነበር።

አሰልጣኙ ፀጉሩ የሳሳ፣ ፊቱ በፀሐያችን የቀላ ረጅም ሰው ነው። በራፉ ላይ ቆሞ ብዙ አየኝ። ሸማኔ ሲሠራ እግሩ ይረግጣል፣ እጁ መወርወሪያውን ይልካል፣ ማጉን ይመታል፣ ወገቡ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጀርባዬን በሁለት እጁ ዳበሰ፣ ትከሻዬን ጨመቅ ጨመቅ አደረገ፣ በግ እንደሚገዛ ሰው። ከዚያ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ነገረው። አባቴ መወርወሪያውን አስቀመጠና «ለውትድርና ከሆነ ልጁ ሳንባው ደካማ ነው በሉልኝ» አለ።

ለቀዘፋ መሆኑ ሲነገረው የባሰ ተቆጣ። የእኛ ቤተሰብ ከጋሞ ደጋ የመጣ ነው። አባቴ የተወለደበት መንደር ዳር ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው ሁለት ሐይቅ ተንጣሎ ያያል። አባቴ ግን በልጅነቱ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ወርዶ እግሩን አልነከረበትም። «ሐይቅ ከሩቅ የሚያዩት ነገር ነው» አለኝ። «ውስጡ አዞ አለ።» የምንለማመድበት የደብረ ዘይት ሐይቅ አዞ እንደሌለበት ነገርኩት። «ያላዩት ሆኖ ነው» አለ። ቀዛፊ ጀርባውን ለመሄጃው ሰጥቶ እንደሚቀመጥ ስነግረው ደግሞ ለሳምንት ያህል የጎረቤት መሳቂያ አደረገኝ። ልጄ ሥራ አገኘ፣ መሄጃውን ሳያይ የሚሄድ ሰው ሆነ እያለ በየቤቱ አወራ።

በሳምንት አምስት ቀን ውሃ አናይም። አሰልጣኙ በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ከእንጨት የሚንሸራተት መቀመጫ አሠርቶ በገመድ የታሰረ ድንጋይ ያስጎትተናል። ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ ማርያም ያስሮጠናል፤ ቅጠል ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች ጋር መንገድ እየተጋፋን፣ እነሱም «ምን አጥታችሁ ነው በባዶ እጅ የምትወጡት» እያሉን። ቅዳሜና እሑድ በአውቶቡስ ደብረ ዘይት እንወርዳለን። የጀልባ ጓደኛዬ ከባሕር ኃይል የመጣ፣ አጠር ያለ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ዋና እንደማልችል ከእሱ በቀር ማንም አያውቅም። እሱም ለማንም አልተናገረም፤ በዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

አሁን ዋናው ጉድ ይመጣል። የውድድሩ ርቀት ሁለት ሺህ ሜትር ነው፣ ቀጥ ያለ። እኛ የተሰጠን ሐይቅ ግን ከዳር እስከ ዳር ከአንድ ሺህ ሜትር ብዙም አያልፍም። ሌላ ሰፊ ሐይቅ ይፈለግልን ብሎ አሰልጣኙ ስንት ጊዜ ጻፈ። መልሱ ሁልጊዜ «ጉዳዩ እየተጠና ነው» ነበር። ስለዚህ አንድ ሺህ ሄደን፣ በግራ መቅዘፊያ ውሃውን ይዘን ጀልባዋን እናዞርና አንድ ሺህ እንመለሳለን። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረግን። አሰልጣኙ ወረቀቱ ላይ «ሁለት ሺህ» ብሎ ይጽፋል፣ ባለሥልጣኖቹም ደስ ይላቸዋል።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ለውድድር ወደ ወዳጅ አገር ተላክን። ስድስት ጀልባ ተሰለፈ። እስከ ግማሹ ድረስ አራተኛ ነበርን፣ ሦስተኛውንም እየደረስንበት ነበር። ከዚያ የአንድ ሺህ ሜትር ምልክት የሆነው ቀይ ኳስ ባጠገቤ አለፈ። የግራ እጄ ውሃውን ያዘ። እኔ አላዘዝኩትም። የጓደኛዬም የግራ እጅ ያዘ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ሌላው መስመር አዞረችና ቀጥ አለች። የሰው አገር ሰው ሁሉ ዳር ላይ ቆሞ እያየ፣ እኛ ሁለት ዓመት የተማርነውን ሠራን። ደንግጠን እስክናስተካክል ድረስ ሌሎቹ ሄደዋል። መጨረሻ ስንደርስ ከእኛ በፊት የገቡት ሹራባቸውን ለብሰው ሻይ ይጠጡ ነበር። አሰልጣኙ አልተቆጣም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ ተመልሼ ሄጄ ሁለተኛውን ሺህ ሜትር እንደ ሰው መቅዘፍ። ላሸንፍ አላልኩም። እንዳልዞር ብቻ። ሌሊት በሕልሜ ቀዩ ኳስ ሲያልፍ አያለሁ፤ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ ድንጋዩን ስጎትት እጄን እየተቆጣሁት ነው። በሚቀጥለው ክረምት መጨረሻ ሌላ ውድድር እንዳለ፣ እኛም እንደተጋበዝን ሲነገረን ከደስታ የተነሣ አውቶቡስ ረስቼ የስፖርት ቢሮው ካለበት ከስታዲየም እስከ ሽሮ ሜዳ በእግሬ ነው የወጣሁት።

ሰፈሩ ግን የተሸነፍኩበትን ምክንያት በራሱ ወስኖ ጨርሶታል። ሐይቁ አጭር ስለሆነ ነው የዞርነው ብዬ ያላስረዳሁት ሰው የለም። አንድም ሰው አልተቀበለኝም። ይዤ የመጣሁትን ፎቶግራፍ ሲያዩ የተቀበሉት ሌላ ነገር ነው። «እነዚህን እያቸው፣ አንገታቸው የበሬ ነው። አንተ ደግሞ ከስተህ ጎንህ ይቆጠራል። ባዶ ሆድ ይቀዝፋል እንዴ?» አሉኝ። የእኛ ውድድር የቀላል ክብደት መሆኑን፣ እነዚያም ሰዎች ከእኔ በኪሎ እንደማይበልጡ ነገርኳቸው። «እሱን ለኛ ተወው» አሉኝ። ቦኖው ዘንድ ደግሞ አንዲት ጎረቤታችን እናቴ እየሰማች «ልጇን ሳታበላ ሰው አገር ልካ አዋረደችን» ብላ ተናገረች። እናቴ እንስራዋን ሳትሞላ ተመለሰች።

እናቴ የምታውቀው ሚዛን አንድ ብቻ ነው፤ የጤና ጣቢያው። ሕፃን ሳለሁ ወስዳ ስታስመዝነኝ ነርሷ ካርዱን አይታ ከመስመሩ በታች ነው ብላ ሰው መሐል ገሥጻታለች። አዲስ አበባ ከገባች ዓመት ያልሞላት፣ አማርኛ በቅጡ የማትናገር ሴት ነበረች። ያን ቀን የተባለችውን ቃል በቃል ታስታውሰዋለች። ሚዛን ማለት ለእሷ እናት የምትፈተንበት ነገር ነው፤ ሰው ሚዛን ላይ ወጥቶ በዛ ተብሎ ሊመለስ ይችላል ብትላት አታምንህም። እኔ ደግሞ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ደንቡን ለማስረዳት የደከምኩትን ድካም እግዚአብሔር ይቁጠረው። አሰልጣኙ ከመጀመሪያው ውድድር በኋላ ጡንቻ እንዳወጣ አድርጎኝ ሰባ ሁለት ኪሎ ገብቻለሁ። ጣሪያው ሰባ ሁለት ኪሎ ተኩል ነው። ከመሄዳችን በፊት፣ ነሐሴ አሥራ ስምንት ቀን ጠዋት ስታዲየም እንመዘናለን፤ በዚያው ቀን የተጓዦች ዝርዝር ታትሞ ለመውጫ ቪዛ ይላካል። ጣሪያውን ያለፈ ሰው ይቀርና ተጠባባቂው ይሄዳል።

«እማዬ፣ ከሰባ ሁለት ተኩል መብለጥ የለብኝም» አልኳት።

«እሺ። ካነስክ አይወስዱህም ማለት ነው?»

«ካነስኩ ይወስዱኛል። ከበለጥኩ ነው የማይወስዱኝ።»

ትንሽ አሰበች። «አይ፣ እሱን በደንብ ሳትሰማቸው ቀርተህ ነው» አለች። «በሞላ ሰው የሚቀየም ማን አለ?»

አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ሰምቷል። በኋላ ለብቻው ቀስ ብዬ በሸማ ነገርኩት፤ ስምንት ክንድ ታዝዞ ዘጠኝ ክንድ የሸመነ ሰው ድሩን እንዳከሰረ ሁሉ እኔም እንደዚያ ነኝ አልኩት። ወዲያው ገባው። «ታዲያ ለእናትህ እኔ ምን ብዬ ልንገራት?» አለኝ። እሱም ይፈራታል።

ነሐሴ የፍልሰታ ጾም ነው፣ እስከ አሥራ አምስት። በጾሙ የረካሁትን ያህል በሕይወቴ ረክቼ አላውቅም። ሽሮና ቆሎ እየበላሁ፣ መጋዘን ውስጥ ድንጋይ እየጎተትኩ፣ ሰባ ሁለት ላይ ቆሜ ነበር። አሰልጣኙ ጾም የሚባለውን ነገር ባይወደውም ሚዛኑን አይቶ ተወኝ። ችግሩ አሥራ ስድስት ላይ ጾሙ መፈታቱ ነው። ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም።

ጾሙ የተፈታ ቀን ከልምምድ ስመለስ ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። የዕድሩ ሰዎች በግ አርደዋል። እናቴ ዶሮ ሠርታለች፤ ከአገር ቤት የተላከ ቅቤ የጠጣ ቆጮም ከዳጣ ጋር ቀርቧል። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «ለአንተ ነው እንጂ ለማን ይሆናል?» አሉኝ። ያቺ ቦኖው ዘንድ እናቴን የሰደበችው ሴትዮ ራሷ ዋና አሳላፊ ሆና ጎንበስ ቀና ትላለች። ልክሳት ብላ ነው። ሁሉም ልክሰው፣ ልደግፈው፣ በእኔ በኩል አይጉደል ብሎ ነው የመጣው። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አድርገህ ትቆጣዋለህ? እኔ ግን ተናድጄ ነበር፤ መሶቡን ገልብጬው ብወጣ ደስ ባለኝ።

በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ አልኩ። የዕድሩ ዳኛ፣ ሽበታም ሸማኔ፣ እጃቸውን ታጥበው ብድግ አሉ። ጉርሻ ይዘው የቆሙ ሽማግሌን አልበላም ብሎ የመለሰ ሰው በእኛ ሰፈር አላየሁም። አጎረሱኝ። ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ደገሙኝ። ከእሳቸው በኋላ ሚስታቸው፣ ከሚስታቸው በኋላ የግቢው ሰው በሙሉ በየተራ። የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ ሽጉጡን ታጥቆ መጥቶ ነበር፤ በአብዮቱ ስም ብሎ አጎረሰኝ፣ እሱም ሁለት። አባቴ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ዓይን ለዓይን እንዳንገናኝ ወደ በጉ ቆዳ ይመለከታል። እናቴ ከጀርባዬ ቆማ የእያንዳንዱን ሰው እጅ ትከተላለች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

በማግሥቱ ወፍጮ ቤቱ ሄጄ የእህሉ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሰባ ሦስት ተኩል። ባለ ወፍጮው «እህል ሳይዝ የሚመዘን አንተን ብቻ ነው ያየሁት፤ ልፍጭህ?» አለኝ። ሁለት ሹራብ ደረብኩ፣ በላዩ ላስቲክ ተጠቀለልኩ፣ በላስቲኩ ላይ የአባቴን ጋቢ ጣልኩና ወደ እንጦጦ ሮጥኩ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው። ተሳላሚዎች ቆመው ያዩኛል። አንዲት እናት «ምን ሆኖ ነው ልጁ፣ ጠበል ይውሰዱት» ስትል ሰማሁ። እስከ ማርያም ሁለት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ። እህልም ውሃም አልቀመስኩም። እናቴ የተረፈውን ሥጋ ስታቀርብ ሆዴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ። ሆዴን ስላመመኝ ተጨነቀች፤ ያም የእኔ ጥፋት ነው፤ ሌላ ሰበብ መፈለግ ነበረብኝ።

አሥራ ስምንት ቀን ንጋት ላይ ወፍጮ ቤቱ ሳይከፈት በር ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ሰዓት ላይ ተከፈተ፤ ወጣሁ፤ ሰባ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ሦስት መቶ ግራም ይተርፈኛል። ምላሴ ደርቆ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል፣ ግን ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ባለ ወፍጮውን አቅፌ ሳምኩት፤ ዱቄት በዱቄት ሆንኩ። ከዚያ ቦርሳዬን ልወስድ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ቤት አልነበረችም። አባቴ የት እንደሄደች ስጠይቀው «እኔ እንጃ፣ ሰዓት እላፊው ሲነሣ ወጣች» አለ። ቦርሳዬን ይዤ ደጃፉን ስሻገር ነው የመጣችው። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ነጠላዋ ከላይዋ ላይ ተጣብቋል። በእጇ አንድ ሊትር የሚይዝ የዘይት ጠርሙስ ይዛለች፣ በጨርቅ የተወተፈ። እንጦጦ ጠበል ድረስ ወጥታ መጥታለች፣ በዚያ ጉልበቷ፣ በዚያ ዳገት። ጉልበቷ ክረምት ሲመጣ እያበጠ ወደ ቦኖው እንኳ የምትሄደው በግድ ነበር።

«ትናንት አሞኛል አልከኝ» አለች። «ታመህ ሚዛን ላይ እንዳትወጣ ብዬ ነው።»

ጣሳ አመጣች። ጠበል ሦስት ጊዜ ነው የሚጠጣው። የመጀመሪያውን «በስመ አብ» ብላ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ። ሁለተኛውን «ወወልድ» ብላ ሰጠችኝ። ሁለቱን ስጠጣ በልቤ እየደመርኩ ነው። ሁለቱ ጣሳ ከሦስት መቶ ግራሙ አልፏል። ምናልባት በእግሬ ከሄድኩ፣ ከሮጥኩ፣ ይወርድልኛል። ጣሳውን መለስኩላትና «በቃኝ እማዬ» አልኩ።

«መንፈስ ቅዱስን ልታስቀረው ነው?» አለችኝ።

አባቴን አየሁት። መወርወሪያውን ይዞ እጁ አየር ላይ ቆሟል። አንድ ነገር ይናገርልኝ ብዬ ጠበቅኩ። ደግሞ ምን ሊል ይችላል? ላስረዳት እችል ነበር ወይ? እችል ነበር። ጣሳውን አስቀምጬ፣ እማዬ ይሄ ውሃ ክብደት አለው፣ ይሄን ከጠጣሁ እቀራለሁ ብላት፣ ጭቃዋን ሳትጠርግ እዚያው ቆማ ትሰማኝ ነበር። ከዚያ ያንን ሁሉ ዳገት የወጣችው እኔን ለማስቀረት እንደሆነ ታውቅ ነበር። ሦስተኛውን ጠጣሁ። ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ከትናንት ጀምሮ ጉሮሮዬ የናፈቀው ነገር ነው፤ እየተናደድኩ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ከሽሮ ሜዳ እስከ ስታዲየም በሩጫ ሄድኩ። ክብደት እንዲቀንስልኝ እየሮጥኩ እተፋለሁ። የሚተፋ ነገር የለኝም እንጂ። አራት ሰዓት ላይ ልብሴን አውልቄ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ሰባ ሁለት ከዘጠኝ መቶ።

አሰልጣኙ ዝቅ ብሎ ቁጥሩን ሁለቴ አየው። በአስተርጓሚው በኩል «ምን በላህ?» አለኝ።

«ምንም።»

«ምን ጠጣህ?»

«ውሃ።»

«ስንት?»

«አንድ ሊትር።»

«ለምን?»

ለምን? ጠረጴዛው ጋ አንድ ካድሬ ደረቱ ላይ ባጁን ሰክቶ ተቀምጧል። ወደ ሶሻሊስት አገር ሊላክ የተመረጠ ስፖርተኛ እናቱ ጠበል ስላጠጣችው ወፈረ ተብሎ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ቢጻፍም ደግሞ ለአሰልጣኙ በየትኛው ቋንቋ ይተረጎምለታል? «ጠማኝ» አልኩ። አሰልጣኙ ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ። ፈርቶ ነው ብሎ እንዳሰበ ከፊቱ አነበብኩ፤ ያ ቀይ ኳስ አስፈርቶት ሆን ብሎ ጠጣ ብሎ። ያም ሆኖ አንድ ሰዓት ስጡት፣ ሮጦ ያወርደዋል ብሎ ለመነልኝ። ዝርዝሩን የያዘው ሰውዬ ሰዓቱን አየ። ወረቀቱ ከስድስት ሰዓት በፊት ማኅተም ተመትቶበት መሄድ አለበት፣ ታይፒስቷም እየጠበቀች ነው አለ። በስሜ ላይ መስመር አሰመረና የተጠባባቂውን ስም ጻፈ። የጀልባ ጓደኛዬ ሸሚዜን አንሥቶ ሰጠኝ። በሩን ስወጣ ከኋላዬ ተጠባባቂው ሚዛን ላይ ሲወጣ ይሰማኛል።

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ። እስከ አራት ኪሎ ድረስ የምናገረውን እያጠናሁ ነበር፤ ከስድስት ኪሎ በላይ ጮክ ብዬ ማጥናት ጀመርኩ። የጉርሻችሁ፣ የበጋችሁ፣ የደግነታችሁ ነገር ገደል ይግባ፤ አንድ ሰው የሚለውን ሰምቶ እንደተባለው ማድረግ ይህን ያህል ይከብዳል ወይ፤ አንቺስ እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ልጄ ምን እያለ ነው ብለሽ ጆሮሽን አትሰጪኝም ወይ። መንገደኛ ዞር ብሎ ያየኛል። ለእያንዳንዱ ጎረቤት የሚሆን ለየብቻ አዘጋጅቻለሁ። ለሊቀ መንበሩ ያዘጋጀሁትን ብናገረው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ግቢው ስደርስ ጎረቤቶቹ ደጅ ላይ ተሰብስበው ይጠብቁኛል። እናቴ ከመሐላቸው ወጥታ መጣች። ጭቃዋን ታጥባለች፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሳለች።

«ስንት ሆንክ?» አለች።

አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ያጠናሁት ነገር ምላሴ ላይ ነበር። ከጎኗ ቦኖው ዘንድ የሰደበቻት ሴትዮ ቆማለች።

«ሰባ ሁለት ከዘጠኝ መቶ» አልኩ።

እናቴ ጣቷን አጥፋ ቆጠረች። «ሰባ ሁለት ተኩል ነው ያሉት አይደል? ከተኩሉ በላይ ነው!» ብላ ወደ ሴትየዋ ዞረች። እልልታው ተነሣ። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ የእናቴን ትከሻ ሳመች። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ሚዛኑ ላይ አልጎደለም፣ ልጄ አልጎደለም» ትላለች፣ ለማንም አይደለም፣ ለራሷ።

አባቴ ከጉድጓዱ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። እሱ አላጨበጨበም። ወደ እኔ መጣና ቦርሳዬን ከትከሻዬ ላይ ሲያወርድልኝ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ። «አትንገራት» አለኝ። «እለምንሃለሁ።»

አባቴ ለምኖኝ አያውቅም ነበር። አልነገርኳትም። ጉዞው በበላዮቹ ትእዛዝ ተሰረዘ አልኳት፤ መንግሥትን ነው ድምፅዋን ቀንሳ የረገመችው። ጓደኛዬ ከተጠባባቂው ጋር ሄዶ ተመለሰ፣ አምስተኛ ወጥተዋል። ሽሮ ሜዳ ድረስ መጥቶ ጉድጓዴ አፋፍ ላይ ቁጢጥ አለና «አልዞርንም» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ሲሄድ ደግሞ ማጉን ትቼ አለቀስኩ። አሰልጣኙ ወደ አገሩ ሲመለስ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ጀልባዎቹ ደብረ ዘይት የት እንደገቡ አላውቅም። እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ ልጅ ከስቶባት የምትጨነቅ እናት ባየች ቁጥር የእኔን ሚዛን ታወራላት ነበር፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ «አዎ» እላለሁ።

ያን ቀን ጎረቤቱ ሲበተን እናቴ የተረፈውን ሥጋ አሙቃ አቀረበችልኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስበላ ታየኛለች። ጣፈጠኝ፤ ከሁሉም ያናደደኝ እሱ ነው።